የቆረጥሁት የእማማ የውብዳር ቃል

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ዘርዝሬ ይህን ዘልየዋለሁ። እንግዲህ የምታነቡኝ ስሙኝ። የጎረቤታችንን የእማማ የውብዳርን ቃል ከአፋቸው ቀምቼ ውሸቱን ለአገር የበተንሁት እኔ ነኝ።

ልጃቸው ጌትነት ዓባይ ማዶ ባጃጅ ይነዳ ነበር። አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ሰክሮ በመኪና ገጭቶ ገደለው። ወርዶ እንኳ አላየውም፤ አስፋልት ላይ ጥሎት ሄደ። የዘፋኙን ስም አልጽፍም፣ እስኪበቃው ተጠርቷል። ተፈረደበት፣ ታሰረ። ኋላ አመክሮ ሊሰጠው ነው ሲባል ከተማው ሁሉ ዳኛ ሆነ። ባጃጅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበሉት ሳይቀሩ ይፈታ አሉ። ድምፁ ናፍቋቸው! የጌትነት ድምፅ የሚናፍቃት እናትስ? እሷን ማን ጠየቀ? እንዲህ የምናደደው ግን ዛሬ ነው። ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፣ ዘፈኖቹን አንድም ቃል ሳልስት እወጣቸው ነበር፤ ከሁሉም በላይ ይፈታ እያልሁ የጮኽሁት እኔ ነበርሁ።

ቤተሰብ ከታረቀ አመክሮው ይቀላል ተብሎ ዘመዶቹ እማማ የውብዳር ዘንድ ሽማግሌ ላኩ። እናቴ ለእንግዶቹ ውኃ እንዳቀርብ ሰደደችኝ። ሽማግሌዎቹ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ከመካከላቸው አንድ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉ። እማማ የውብዳር ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጎንበስ ብለው ተሳለሙ። መስቀል ተዘርግቶ ማን ቁጭ ይላል? እኔ ከጓዳው በር ሥር ሆኜ በስልኬ እቀርጽ ነበር። ቀና አሉና በቀስታ እንዲህ አሉ፦

«መስቀሉን ተሳለምሁ አባቴ፣ የእግዜር ነው። ልጄን ጥሎት የሄደውን ግን ይቅር አላልሁም። ፍርዱን ይጨርስ።»

ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ወጡ። እኔስ? እኔማ ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን መስቀሉን የሳሙበት ላይ ቆረጥሁት። ንግግራቸውን ቆረጥሁት። የዘፋኙን ዘፈን ከሥር አስገብቼ፣ «እናት ይቅር አለች» ብዬ ጽፌ፣ በማይታወቅ ስም በከፈትሁት ቲክቶክ ለቀቅሁት። ሲነጋ ያላየው ሰው የለም። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ትምህርት ቤት ሄድሁ።

ዘፋኙ በአመክሮ ተፈታ። የእኔ ቪዲዮ ብቻ አስፈታው አልልም፤ ነገር ግን እናትየዋ ይቅር ካለች እኛ ምን አገባን ያላለ አልነበረም። ሽማግሌዎቹስ? እውነቱን በጆሯቸው ሰምተው ዝም አሉ። ያን ዝምታቸውን ባሰብሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ከዚያ የራሴ ዝምታ ትዝ ይለኝና አፍራለሁ።

እማማ የውብዳር ገበያ ሲወጡ የማያውቁት ሰው እጃቸውን ይስም ጀመር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የይቅርታ እናት ይሏቸዋል። በዚያ ሁሉ ምርቃት መካከል «ኧረ እኔ ይቅር አላልሁም» ብለው ይጩኹ? ክፉ ሴት ሊባሉ? ቀስ በቀስ ከቤት መውጣት ተዉ። አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ማን በስልክ እንዳነሣኝ አይተሻል?»

«አላየሁም እማማ» አልሁ።

«መቼም አንቺ አትዋሺኝም» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ይልቅ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ቪዲዮውን ስቆርጥ በዘፋኝ ፍቅር ሰክሬ ነበር ልበል። ዓይናቸውን እያየሁ ስዋሽስ በምን ሰክሬ ነበር? ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ልጅ እንዲያ አድርጎ ቆርጦ አይቀጥልም። ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል አወቅሁ፣ ገጽ ሲሞላልኝ እየሳቅሁ ነው የምጽፈው፤ ግን ይህ ሳይጻፍ ሌላ ነገር ብጽፍ ውሸታም ጸሐፊ ከመሆን በቀር ምን እሆናለሁ?

ቄስ ለምኜ፣ ሽማግሌ ይዤ ልሄድ አስቤ ነበር። በራሴ ተናደድሁ። ደግሞ መስቀል አስዘርግቼ ላስነሣቸው ነው? ብቻዬን እሄዳለሁ። ያልተቆረጠው ቪዲዮ ስልኬ ላይ አለ፤ እሰጣቸዋለሁ፣ የሚያደርጉትን እሳቸው ያውቃሉ። እንዲምሩኝ አላባብላቸውም። ይቅር አልልሽም ካሉኝ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ ይቅር አላሉኝም ብዬ እናገራለሁ፤ ቃላቸውን እንዳለ፣ እስከ መጨረሻው።