ጨረቃ የተረገጠችባት ማለዳ

ሀጂራ ጁነይድ የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ ናት። ማንጎና ብርቱካን ከሀብሩ ገበሬዎች እየተረከበች ወልድያ ትልካለች። እኩዮቿ ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ድርቁ ሊገባ ሲል» ወይም «ንጉሡ ሳይወርዱ» ከማለት አያልፉም። እሷ ግን ቀኗን ታውቃለች። አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ሥልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አሜሪካኖች ጨረቃን በረገጡባት ማለዳ እንደተወለደች እየነገረ ነው ያሳደጋት። «እነሱ ወደ ላይ ወጡ፣ አንቺ ወደኛ ወረድሽ» ይላት ነበር። ጁነይድ በሰባ ሰባቱ ረሀብ ሲሞት የተወላት ሀብት ይህችው ቀን ነበረች።

ባሏ ዓሪፍ ደግሞ ሰው ጨረቃን ረገጠ ቢሉት በጄ አይልም። «የአላህን ጨረቃ ማን ያስረግጠዋል?» ይላል። እሷ ትስቅበታለች። በዚሁ ሲሟገቱ ልጆቻቸው አደጉ።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ክረምት፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጃቸው ዙልፋ ደወለች።

«እማ፣ አሜሪካኖቹ የጨረቃውን ሃምሳኛ ዓመት ሊያከብሩ ነው። በቴሌቪዥን ይታያል። አንቺም እኮ ሃምሳ ሞላሽ! ከአባ ጋር ኑና አብረን እንይ።»

ሀጂራ ደስታውን ብቻዋን አልቻለችውም። የአባቷን እህት ፈይሩዝን ልትጋብዝ በሚኒባስ ውርጌሳ ሄደች። አሮጊቷ ነገሩን ሰምተው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ምነው አክስቴ፣ ደስ አላለዎትም?»

«ልጄ፣ ባረጀ አፌ አልዋሽሽም። ያን ዕለት አልተወለድሽም። ከዚያ ሦስት ወር ቆይቶ ነው፤ ጥቅምት ገብቶ፣ ማሽላው አሽቶ ነበር። እዚሁ ውርጌሳ ነው የተወለድሽው።»

ሀጂራ እጇን ከአሮጊቷ ጉልበት ላይ አነሳች። «ታዲያ አባቴ ምን ነካው?»

«አምስተኛ ሴት ነበርሽ። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ 'አይዞህ፣ ለከርሞ ወንድ ይሰጥሃል' እያለ፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚወጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ወንድሜ አንጀቱ አረረ። ዓመት ሳይሞላሽ ጓዙን ጠቅልሎ መርሳ ገባ። ሬዲዮ ነበረውና ያን የጨረቃ ወሬ ሰምቷል። ለአዲሶቹ ጎረቤቶች 'ይህች ልጄ ጨረቃ ስትረገጥ የተወለደች ናት' አላቸው። ሰው ሊያይሽ ጎረፈ። አንዲት ሴትዮማ ከሲሪንቃ ድረስ መጥታ ራስሽን ዳብሳሽ ሄደች። እኛም የምናውቀው አፋችንን ያዝን።»

ሀጂራ መርሳ የተመለሰችው ፊቷ ጠቁሮ ነው። ዓሪፍን ግቢው ውስጥ የበሰለውን ማንጎ ከጥሬው እየለየ አገኘችው።

«ወልድያ አንሄድም» አለችና የሰማችውን ሁሉ ነገረችው።

ዓሪፍ የሚስቅባት መስሏት ነበር። አልሳቀም። እጁ ላይ ያለውን ማንጎ አስቀመጠ።

«እኔ እንኳ ዙልፋ ስትወለድ 'ምን ተወለደ?' ላሉኝ 'ሴት' ብዬ ዝም ነው ያልኩት» አላት። «አባትሽ ሰው እንዲያይሽ ብሎ ጨረቃን ከሰማይ አውርዷል። በይ ተነሺ፣ እንሄዳለን።»

ወልድያ ላይ ዙልፋ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ቦታ ይዛ ጠበቀቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ፤ ምስሉ ብቻ ቀረ። ነጭ የለበሰ ሰው እንደ ጥጃ ይዘላል።

«እኔ አሁንም አላምንም» ብሎ አንሾካሾከ ዓሪፍ። ቢሆንም ወንበሩን ወደ ሚስቱ አስጠጋ።

ሀጂራ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነው፤ የሚታያት ግን ሌላ ሰው ነበር፤ ሴት ሕፃን ታቅፎ፣ ደረቱን ነፍቶ የመርሳን ገበያ የሚያቋርጥ።

«እማ፣ ምነው አለቀስሽ?» አለች ዙልፋ።

«አባቴ ይህን ያህል ይወደኝ እንደነበር አላውቅም ነበር» አለችና ታሪኩን ከመጀመሪያው አወራቻት። ዙልፋ እናቷን አቅፋ፣ ዝናቡ እስኪያባራ አልለቀቀቻትም።

በጥቅምት፣ ማሽላው ሲያሸት፣ ሀጂራ አንድ ቅርጫት ብርቱካን ይዛ ውርጌሳ ሄደች። ፈይሩዝ በምርኩዛቸው እየመሩ ወሰዷት። የተወለደችበት ቤት ፈርሶ ቁልቋል በቅሎበታል። «እዚህ ጋ ነው» አሏት። ከዚያ ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው፣ ጁነይድ ጎረምሳ ሳለ እንዴት ያለ ቀልደኛ እንደነበር ማውራት ጀመሩ። ሀጂራ ብርቱካን እየላጠችላቸው፣ መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች።