የካራቫኑ ማሞቂያና የአባቴ ምርቃት

ወንድሜን የምወቅስበት አፍ የለኝም ይሉኛል። አባቴንም እኔንም ስፖንሰር አድርጎ ወደ ሜልቦርን ያመጣን እሱ ነው። ይህን ረስቼው አላውቅም፤ ልርሳውስ ብል ማን ያስረሳኛል? ሰንሻይን የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቱ ለሚስቱና ለልጆቹም ጠባብ ስለነበር ለእኔ የሳሎኑ ሶፋ ደረሰኝ፣ ለአባቴ ደግሞ ጓሮ የቆመው ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት። ወንድሜ "አባዬ የራሳቸው ቪላ አላቸው" እያለ እንግዳ ያስቅ ነበር። አባቴም አብረው ይስቃሉ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በአንዱ ክረምት መግቢያ ላይ አባቴ ደረታቸውን ታመሙ። ሐኪም ቤት አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ሳንባቸው እንደተጎዳ፣ ይህንንም ክረምት በብርድ ካሳለፉ እንደማይተርፉ ነገረኝ። ለአባቴ "ሙቀት ያስፈልግዎታል ብሏል" አልኩና የቀረውን ዋጥኩት። ለወንድሜ ግን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

ካራቫኑ ከአውሮፓ በመርከብ የመጣ አሮጌ ነው። ማሞቂያውም የተለየ ነበር፤ በረዶ እንዳይሆን አንቲፍሪዝ የሚባል ፈሳሽ የተቀላቀለበት ውሃ በጋዝ ይሞቅና በግድግዳው ሥር በተዘረጋው ቱቦ እየዞረ ክፍሉን ያሞቃል። እሳቱ ይነድዳል፣ ቱቦው ግን ከአልጋው ዘንድ ሲደርስ በረዶ ነው። ፈሳሹ በጎደለ ቁጥር ወንድሜ ያገኘውን ይጨምርበት ነበር፤ አንድ ቀን የጓሮ ቧንቧ ውሃ፣ አንድ ቀን ከሚነዳው ታክሲ የተረፈውን አረንጓዴ አንቲፍሪዝ፣ ሌላ ቀን ጓደኛው የሰጠውን ቀይ።

"ፈሳሹ መቀየር አለበት" አልኩት።

"ሜልቦርን ምን በረዶ አለና ነው አንቲፍሪዝ የምትዪኝ? ሂተሩ ደህና ነው። ሽማግሌ ሰው ሁሌም ይበርደዋል።"

እኔው ልሞክር ስለው ደግሞ ተቆጣ። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!" ብሎኝ ወደ አባቴ ዞረና "አባዬ፣ ይበርድዎታል እንዴ?" አላቸው። አባቴ ሁለት ካፖርት ደርበው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። "ኧረ ይሞቃል፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ። እሱ ሲወጣ እኔን ገላመጡኝና "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አሉኝ።

ዝም አልኩ፤ ግን ወንድሜ ታክሲውን ይዞ በወጣ ቀን ከሥራ ቀረሁ። ካራቫኑ ሥር በጀርባዬ ገብቼ የማፍሰሻውን ቡሽ ነቀልኩ። የወጣው ፈሳሽ አልነበረም፤ እንደ ተበጠበጠ ተልባ የተዝለገለገ፣ ቡናማ ዝቃጭ ነው እየተጎተተ ባልዲው ውስጥ የወደቀው። አባቴ ሲሞቁበት የከረሙት ይህንን ነበር። እዚያው እንደተጋደምኩ በንዴት አለቀስኩ።

ዝቃጩን በብርጭቆ ዕቃ ይዤ ያራቪል ሰፈር ወደሚገኝ የካራቫን ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ገና ሲያየው ሳቀ። የተለያዩ አንቲፍሪዞች ሲደባለቁ እንዲህ እንደሚረጉ፣ ፈሳሹ ለበረዶ ብቻ ሳይሆን የአሉሚኒየሙ ቱቦ እንዳይበላ ጭምር እንደሆነ፣ የቧንቧ ውሃ ደግሞ እንደማይሆን አስረዳኝ። ከዚያ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። ርካሹ መርዝ ነው፤ ቢጠጡት ይጣፍጣል፣ ይገድላልም። ሌላው ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ያን ያህል አይጎዳም። የማሞቂያው ታንከር ያለው አባቴ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ በሚያስቀምጡበት ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ውዱን መረጥኩ፤ የሚቀላቀልበትን የተጣራ ውሃም ጨምሬ ገዛሁ።

ቱቦውን ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣው ድረስ ደጋግሜ አጠብኩት። አዲሱን ቀስ እያልኩ ስሞላ አባቴ ጨርቅ ይዘው ከአየር ማስወጫው ሥር ተቀመጡ። አየሩ እየተንፏፏ ወጣ፣ ቀጥሎ ፈሳሹ ብቅ ሲል "መጣ፣ መጣ! ዝጊው!" አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ በአልጋው በኩል ያለው ቱቦ ሞቀ። አባቴ መዳፋቸውን አሳረፉበት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ካፖርታቸውን አወለቁ።

እኔ ምርቃት ጠበቅሁ። እኛ ወሎዎች ውሃ ላቀበለን እንኳ እንመርቃለን። አባቴ ግን "ወንድምሽ ሳይመጣ ባልዲውን ደብቂ" ብቻ አሉኝ።

እሑድ ፍሌሚንግተን ሰፈር ካሉት የመኖሪያ ፎቆች እንግዶች መጡ። ካራቫኑ ውስጥ ተጨናንቀው ሲቀመጡ "አቤት ሙቀቱ!" ተባባሉ። ይሄኔ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። "ይህን ቤት ያሞቀልኝን ልጄን አላህ ቤቱን ያሙቅለት። እጁ አይጠር። ደጁ አይዘጋ።" እንግዶቹ አሚን አሉ። ወንድሜ አንድ ጠብታ ሳይነካ አንገቱን ደፍቶ ተመረቀ። እኔ በሩ ላይ ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ አላስቻለኝም። "አባዬ፣ ጨርቁን ይዘውልኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ እንጂ።"

"ታዲያ ለምን እሱን መረቁት?"

አባቴ አልተቆጡም፣ አላፈሩምም።

"ልጄ፣ አንቺ ብትቀየሚኝ ታለቅሺያለሽ። እሱ ቢቀየመኝ ግን የት እገባለሁ?"

አባቴ ያንን ክረምት አለፉ፤ የሚቀጥለውንም። ወንድሜ በተመረቀ ቁጥር ከእንግዶቹ ሁሉ ቀድሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን የምለው እኔ ነበርኩ።