የመምህርቷ መኪና ሰዓት

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑን ሰፈርተኛው «ጋሼ ባትሪ» ይላቸዋል። ስሙን አይጠሉትም። የሚጠሉት ባትሪን ዝም ብሎ መንቀልን ነው። «መኪና ባትሪው ሲነቀል ይረሳል፤ ሬዲዮው ጣቢያውን፣ መስኮቱ መቆሚያውን፣ ሰዓቱ ቁጥሩን ይጥላል» ይላሉ። ስለዚህ አንዲት ብሎን ከመፍታታቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን አይተው ሥራ የጀመሩበትን ደቂቃ በካርቶን ቁራጭ ላይ ያሰፍራሉ፤ ወዲያው ከሥሩ መኪናው የያዘውን ሁሉ ይጽፋሉ። ካርቶኑ አይጣልም፤ ቤታቸው ካለው ሣጥን ይገባል። ባለቤታቸው «እንግዲህ እኛ እንውጣና ካርቶኑ ይኑርበት!» እያሉ ይተርቧቸዋል።

አንድ ጠዋት መምህርቷ የደከመ ባትሪዋን ልታስቀይር መጣች። መኪናዋ የአባቷ ነበር፤ አባቷ ካረፉ ዓመት አልሞላም። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ጻፉ፣ ነቀሉ፣ ቀየሩ፣ ጣቢያዎቹን አንድ በአንድ መለሱ። ሰዓቱ ላይ ሲደርሱ ግን ከትክክለኛው ሰዓት ይቀድም እንደነበር ትዝ አላቸው። «ይህችንማ ላስተካክልላት» ብለው ከእጅ ሰዓታቸው ጋር እኩል አደረጉት።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ሰዓቱን ነኩት እንዴ?»

«አስተካከልኩልሽ እንጂ! የሚቀድም ሰዓት ይዘሽ ትዞሪ ነበር።»

«አባዬ ነው ያስቀደመው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት እንዳላረፍድ ብሎ። በስንት ደቂቃ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ብነግርሽ ትተኚበታለሽ ይለኝ ነበር። አሁን ማንን ልጠይቅ?»

ጋሼ አመድ መሰሉ። አርባ ዓመት የሰው መኪና የያዘውን ሳያጎድሉ ሲመልሱ ኖረው በገዛ ደግነታቸው ጉድ ሆኑ። ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ገቡና ሣጥኑን ያተራምሱ ጀመር።

«ደግሞ ምን ጠፋ?» አሉ ባለቤታቸው።

«የትናንቱ ካርቶን! የመምህርቷ!»

«እሱንማ ጠረጴዛው ሥር ወሽቄዋለሁ። እግሩ እየተንገዳገደ ሻይ ሲደፋብኝ ምን ላድርግ?»

ጋሼ ጠረጴዛውን ከነብርጭቆው ብድግ አደረጉት። ካርቶኑ ተጨፍልቋል እንጂ ጽሑፉ ይነበባል። ሥራ የተጀመረው፦ ሦስት ሰዓት ከዐሥር። የመኪናው ሰዓት፦ ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ዘጠኝ።

ወደ ጋራዡ ተመልሰው፣ መኪናው ውስጥ ገብተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ ሰዓቱን እንደ ድሮው አስቀደሙት።

«አገኙት? ስንት ነበር?» አለች መምህርቷ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ።

ጋሼ ከመኪናው ወርደው ካርቶኑን አጠፉና ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ብነግርሽ ትተኚበታለሽ» አሏት።

ከእንባዋ ጋር ሳቋ መጣ። ገብታ ተቀመጠች፣ ሰዓቱን አየች።

«ውይ፣ ረፈደብኝ!» አለችና ቁልፉን አዞረች።