ከትግለኞች ሁሉ ማን ይበልጣል?

ልጅ ሳለሁ ክረምት ሲገባ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ የከተማችንን የሮብ ገበያን ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ ይከተው ነበር። እኛም ቤት ገና ለዓይን ያዝ ሳያደርግ በሩ ይዘጋል፤ እናቴ እርጥቡን የባሕር ዛፍ እንጨት እየተራገመች ታነዳለች፤ ጭሱ መጀመሪያ ሁላችንንም ካስለቀሰ በኋላ ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ይሰበሰባል። ፍሙ ሲቀላ ድንቹን አመዱ ውስጥ እንቀብርና ኩራዙን ከበን እንቀመጣለን። ያኔ በሌላው ቤት ልጆች ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ይነገራቸው ነበር። ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለይበልጣል የሚነገረን ግን ስለ ፈረንጅ ትግለኞች ነው። ነጋሪያችን የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ ነበሩ።

አባታችን የሞተው ይበልጣል ጡት ሳይጥል ነው። አያ ሞላ ሚስታቸውን በወሊድ ካጡ ወዲህ ሌላ ሳያገቡ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ እናቴ ሴትና ወንድ ልጅ ታቅፋ ስትቀር መሬታቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ደብረ ማርቆስ ወረዱ፤ እዚያ አንድ ሆቴል በጥበቃ ተቀጠሩ። የእረፍት ተራቸው ሲደርስ በሚኒባስ፣ እሱ ሲጠፋም በጭነት መኪና ጀርባ ተሳፍረው ይመጣሉ። ለእናቴ ስኳርና ሳሙና ይዘው ይመጣሉ፤ ለእኛ ደግሞ ሬስሊንግ፣ የፈረንጆቹን ትግል።

የሆቴሉ አዳራሽ ዲሽ ያለው ቴሌቪዥን ነበረው። አያ ሞላ ዱላቸውን ይዘው ከውጭ መስኮቱ ሥር ይቆሙና ከደንበኞቹ ትከሻ በላይ አሻግረው ያያሉ። ድምፁ አይሰማቸውም፤ ቢሰማቸውም እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ለትግለኞቹ ስም ያወጡላቸው ራሳቸው ናቸው። ቢጫ ጸጉሩን እስከ ወገቡ የለቀቀው «አባ ጎፈር» ተባለ። አንዱ ለጥምቀት እንደሚወጣ ካህን የሚያብረቀርቅ ካባ ደርቦ፣ በጭስ መካከል ዝግ ብሎ እየተራመደ ይመጣል፤ እሱ «ባለ ካባው» ነው። ሆዱ ከራሱ ቀድሞ የሚገባው ደግሞ «ጎተራው»።

«ደወል!» ይላሉ አያ ሞላ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው።

«ጓ!» እንላለን እኔና ይበልጣል ባንድ አፍ።

ከዚያ ትግሉ ይጀመራል። «ባለ ካባው ካባውን አወለቀ። ያ ሰውዬ ወዲያ ማዶ ቆሟል። ባለ ካባው የመታገያውን ዙሪያ ገመድ ተደግፎ ተወነጨፈና ያን ሰውዬ ደረቱን በክርኑ! ያ ሰውዬ ተንገዳገደ፣ ተንገዳገደና…» ይሉና እጃቸውን ያነሣሉ፤ ጥላቸው ግድግዳውን ይዞ እስከ ጣሪያው ይዘረጋል፤ የተቀመጡበትን አጎዛ በመዳፋቸው ሲመቱት አመዱ ቡን ይላል። ይበልጣል በደስታ ይጮኻል። ሌላ ጊዜ ጎተራው በዚያ ሰውዬ ላይ ይቀመጥበታል፤ ሌላ ጊዜ አባ ጎፈር ያን ሰውዬ ሽቅብ አንሥቶ እንደ ድንች ጆንያ ይጥለዋል። ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። ትግል ካለ የሚጣል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰውዬ ይጣላል፤ በቃ።

መጀመሪያ ላይ «ታጋይ» ነበር የምንላቸው። አንድ ምሽት እኔና ይበልጣል ከታጋዮች ሁሉ ማን ጉልበተኛ እንደሆነ፣ የትኛው ታጋይ ቶሎ እንደሚወድቅ ስንጨቃጨቅ ጎረቤታችን እትዬ ስመኝ እሳት ልትጭር መጥታ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ያኔ ታጋይ ማለት ጠመንጃ ይዞ ከበረሃ የመጣው ነው፤ በእኛ አገር ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

«ምነው አያ ሞላ፣ ምን ነካዎት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በልጅ አፍ ታጋይ ይወድቃል ይባላል? ሰው ቢሰማስ? እነዚህን የሙት ልጆች ሊያስበሏቸው ነው?»

አያ ሞላ ስለ ባለ ካባውና ስለ ጎተራው ሊያስረዷት ሞከሩ። እሷ ጭራሽ ባሰባት። ይህ ሁሉ ቅኔ ነው፣ ወርቁ ሲፈታ የምናውቃቸው ሹሞች ይወጡበታል ብላ ደመደመችና እሳቱን ሳትጭር ሄደች። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዎቹ «ትግለኞች» ሆኑ።

የቤታችን ትልቁ ጉዳይ ደረጃቸው ነበር። እኔ ክርክር እወዳለሁ፤ ያ ጠባይ ዛሬም አልተወኝም። ባለ ካባው አንደኛ ነው እላለሁ። ይበልጣል ደግሞ ለአባ ጎፈር ነፍሱን ይሰጣል። «እሺ፣ ከሁሉም ማን ይበልጣል?» ባልኩ ቁጥር ስሙ የተጠራ እያስመሰለ «አቤት!» ይለኛል፤ በዚህም ብዙ ጊዜ ተደባድበናል። ዳኛችን አያ ሞላ ነበሩ። አራተኛ ጎተራው ነው፤ ጉልበት አለው፣ ትንፋሽ የለውም። ሦስተኛ አባ ጎፈር፤ ከመታገሉ ጸጉሩን ማስተካከሉ ይበዛል። ባለ ካባውን ሁለተኛ ሲያደርጉት እኔ አኮረፍኩ።

«አንደኛውስ?» አልናቸው።

«አንደኛው ይቆይ።»

«ገና ያልነገሩን ሰው ነው?»

«ነግሬያችኋለሁ። እናንተ አላያችሁትም» አሉና ትኩሱን ድንች ከእጅ እጅ እያገላበጡ ሳቁ።

ወሬው ሲያልቅ ይበልጣል ራሳቸውን ይገጥማቸዋል። የትግሉ ሕግ ቀላል ነው፤ የወደቀው ትከሻው መሬት እንደነካ ዳኛው ሦስት ጊዜ እስኪመታ ካልተነሣ አለቀለት። አያ ሞላ አጎዛው ላይ ይንጋለሉለታል። እሱ ደረታቸው ላይ ይወጣና ባንድ እጁ ትከሻቸውን ተጭኖ በሌላው መሬቱን ይመታል። «አንድ! ሁለት!» ሦስተኛውን ሊመታ እጁን ሲያነሣ የአያ ሞላ ትከሻ ብድግ ይላል። ሁልጊዜ። ይበልጣል ከንዴቱ የተነሣ እንባው ይመጣል።

«አንድ ቀን እጥልዎታለሁ!»

«አሜን፣ ለዚያ ያብቃኝ» ይሉታል።

ከመተኛታቸው በፊት ወደ ምሥራቅ ዞረው ሲጸልዩ መጨረሻ ላይ «አወዳደቄን አሳምርልኝ» ይሉ ነበር። አዋቂ ሁሉ እንዲህ ይጸልያል፤ አሟሟቴን አሳምረው ማለት ነው። እኔና ይበልጣል ግን ይህን አናውቅም። ሰውዬው ትግል ይወዳሉ፤ ስለዚህ ሲወድቁ ወገባቸውን እንዳያማቸው ይለምናሉ ብለን አምነን ነበር። ይበልጣል እንዲያውም ከአጠገባቸው ቆሞ «የእኔንም» ይል ነበር።

በአንዱ ክረምት መውጫ ላይ አያ ሞላ ተራቸው ሳይደርስ መጡ። እግራቸው አብጦ ጫማቸው አልገባ ብሏቸው ነበር፤ ከመኪናው እስከ ቤታችን ባለችው አጭር መንገድ እየቆሙ ትንፋሽ ይወስዳሉ። ማርቆስ ሐኪም ልብዎ ደክሟል ብሏቸዋል። ለእናቴ ሲነግሯት ሰማሁ፤ «የሰው ቤት ውስጥ ብቻዬን እንዳልሞት ፈርቼ ነው የመጣሁት፣ እህቴ። አስቸግርሻለሁ።» እናቴ ከእሳቱ አጠገብ ያለውን መደብ አነጠፈችላቸው።

ከዚያ ወዲያ ወሬያቸው አጠረ። ደወል ይሉና እኛ ጓ ካልን በኋላ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ፍሙ ብቻ ይንጣጣል። እኔ ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ አንደኛውን ይንገሩን ማለት ሊሞቱ ነው ማለት መስሎኝ አፌ እምቢ አለ። በጣም ፈርቼ ነበር። ይበልጣል ግን ልጅ ነው፤ እሱን የጨነቀው አንደኛው ሳይታወቅ እንዳይቀር ነበር።

«አያ፣ አንደኛውን ይንገሩን እንጂ» አለ አንድ ምሽት። «ሳይነግሩን እንዳይሄዱ።»

እናቴ ልትመታው እጇን ሰነዘረች።

«ተይው፣ እውነቱን ነው» አሏት አያ ሞላ። ከዚያ ወደ እኛ ዞር አሉ። «አንደኛው ያ ሰውዬ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?» አልኩ እኔ።

«ያ ሰውዬ ነዋ። ባለ ካባው በክርኑ የመታው፣ ጎተራው የተቀመጠበት፣ አባ ጎፈር ያነሣው። ሁልጊዜ እሱ ነው፤ አንድ ሰው ነው።»

ይበልጣል የተታለለ መሰለው። «እሱማ ሁልጊዜ ይወድቃል!»

«አወዳደቁን አላየህማ።»

እያረፉ ነገሩን። በመስኮት የሚያይ ሰው ጩኸቱ ስለማይሰማው ዓይኑ ሥራ አያጣም። እሳቸውም ከጊዜ በኋላ ጣዩን ትተው ተጣዩን ያዩ ጀመር። ያ ሰውዬ ሲያነሡት እንዳይከብዳቸው ራሱ ዘለል ይልላቸዋል። ሲወርድ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ መሬቱን በክንዱ ጧ ያደርገዋል፤ ሕዝቡ አጥንቱ የተሰበረ ይመስለዋል። አንድ ቀን አባ ጎፈር እንዳነሣው እግሩ ከዳው። ሁለቱም ሊወድቁ ሲሉ ያ ሰውዬ በአየር ላይ እንዳለ እጁን ሰድዶ የአባ ጎፈርን ማጅራት ደገፈለት።

«ማንም አላየለትም» አሉ። «የተጨበጨበው ለአባ ጎፈር ነው። መጣልማ እናንተም ትችላላችሁ። ጣዩን ሳይጎዳ፣ ሳያሳፍር የሚወድቅ ግን… እኔ ሌላ አላየሁም።»

ትንፋሽ አጠራቸውና ተዉት። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር፤ እንጨቱ ግን የሚቆሰቆስ አልነበረም።

ይበልጣል አልተዋጠለትም። ተነሥቶ ወደ መደቡ ሄደና እንደ ድሮው ባንድ እጁ ትከሻቸውን ያዘ። በሌላው መደቡን መታ። «አንድ» አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ «ሁለት።» ከዚያ እጁን አንሥቶ ጠበቀ። ሁላችንም ያንን ትከሻ እናይ ነበር። አልተነሣም። የይበልጣል እጅ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ይነሡ እንጂ፣ አያ!»

ያኔ አያ ሞላ መዳፋቸውን ከጋቢው ሥር አወጡና መደቡን ራሳቸው መቱት።

«ሦስት» አሉ። «ዛሬስ ይበልጣል በለጠኝ። ምስክር ናችሁ።»

ፈገግ ብለው ነበር። ይበልጣል ስንት ክረምት ሲመኘው የኖረውን ድል አገኘ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ሲያለቅስ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም። ደረታቸው ላይ ተደፍቶ «አልቈጠርኩም፣ እኔ አልቈጠርኩም» ይል ነበር። እሳቸው ራሱን ይዳብሱታል።

ከዚያ ብዙም አልቆዩም። አንድ ማለዳ እናቴ ውኃ ልትሰጣቸው ብትጠራቸው አልመለሱላትም። በቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ «አወዳደቃቸውስ አማረላቸው፣ በእህታቸው እጅ፣ ባገራቸው አፈር» እያለ እናቴን ያጽናና ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የጸሎታቸው ትርጉም የገባኝ እዚያ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ይበልጣልን ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም ያየኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ልጅነቱን ሙሉ ከማንም ጋር አልታገለም። ልጆች ሊገጥሙት ሲመጡ ወገቤን ያመኛል ይላቸዋል፤ በዚያ ዕድሜው።

አሁን የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሆቴሉ ታድሷል፤ መስኮቱም ከውጭ በማያሳይ መስታወት ተቀይሯል። እናቴም አርፋለች። ይበልጣል ጉንደ ወይን እህል ይነግዳል፤ በቀደም በስልኬ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ፤ የዘመናችን ታላላቅ ትግለኞች በደረጃ የቀረቡበት ነው። ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አየሁት። ባለ ካባውና አባ ጎፈር ይሆናሉ ብዬ የጠረጠርኳቸው በፈረንጅ ስማቸው አሉ። ያን ሰውዬ ግን በስምም በቁጥርም አጣሁት። ሆኖም በእያንዳንዱ ምስል ውስጥ አንድ የሚወድቅ ሰው ነበር፤ ፊቱ አይታይም፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ክንዱን ጧ ያደርጋል።

አንደኛውን ረስተውታል ብዬ ልከራከረው ደወልኩለት። ይበልጣል ግን እያለከለከ ነበር፤ ከበስተጀርባው ትንሹ ልጁ ሞላ ይንጫጫል። «ቆይ አንዴ፣ ደረቴ ላይ ወጥቶብኝ ነው» አለኝ። ከዚያ የመሬቱ መመታት ተሰማኝ። «አንድ!» አለ ሕፃኑ። «ሁለት!» ስልኩን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። የወንድሜ ትከሻ ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ይነሣ ብዬም ተመኘሁ መሰለኝ። አልተነሣም።

«ሦስት!» ብሎ ጮኸ ልጁ። «ጣልኩት! አባቢን ጣልኩት!»

የአያ ሞላ መሬት ዛሬ ሌላ ሰው ያርሰዋል፤ ፎቶግራፍም የላቸውም። ከእሳቸው የቀረን ይህ ብቻ ነው፤ አንድ መዳፍ መደብ ሲመታ፣ እና ሳያሳፍሩ መውደቅ።

«እህቴ፣ አለሽ?» አለኝ ይበልጣል።

«አለሁ» አልኩት። «አወዳደቅህ እንዴት ነበር?»

ሲያለቅስ እንደነበር ያወቅሁት ሲናገር ነው።

«አምሯል» አለኝ።