ልብስ አጣቢዋ ስታፊሌና የቄሣር ዐዋጅ

ስታፊሌ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግሯ ከገንዳ ወጥቶ አያውቅም። በልጅነቷ ከሰምርኔስ በመርከብ መጥታ ለአሁኑ ጌታዋ ለኦፊልዮስ አባት ተሸጠች። አባትየው ሲሞት ከገንዳዎቹና ከልብስ መጭመቂያው ጋር ለልጁ ተላለፈች። ሥራዋ ከቲቤር ወንዝ ማዶ ባለው ማጠቢያ ቤት የሰው ልብስ ቆሻሻ በሚያስለቅቅ የከረመ ሽንት እየረገጡ ማጠብ፣ ከዚያም በድኝ ጭስ ላይ ዘርግቶ ማንጣት ነበር። መርገጡን ጉልበት ያለው ሁሉ ይረግጠዋል። ጭሱን ግን እንደ እሷ የሚያውቅበት አልነበረም። ጥቂት ካነሰ ልብሱ እንደ አሮጌ ጥርስ ይወይባል፤ ጥቂት ከበዛ ሱፉ ይሰባበራል። እሷ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ትለካዋለች። ስታፊሌ ያነጣችውን ቶጋ፣ የሮማውያንን የክብር ካባ፣ የለበሰ ሰው አደባባይ ሲወጣ ከሩቅ ይለያል ይባል ነበር። ምስጋናውን የሚቀበለው ግን ኦፊልዮስ ነው።

ያው ድኝ ሳንባዋን በላው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ሳል ጠናባትና ትኩሳት ጣላት። ኦፊልዮስ ሦስት ቀን ጠበቀ፤ በአራተኛው ቀን ሐኪም መጥራቱ ከንቱ ድካም መስሎ ታየው። በቃሬዛ አሸክሞ ድልድዩን አሻገራትና ወንዙ መሐል ባለችው ደሴት፣ በፈዋሹ አምላክ በአስክሌጲዮስ መቅደስ በረንዳ ላይ አስተኛት። የማይረባ ባሪያ እዚያ መጣል በሮማ የተለመደ ነገር ነበርና ማንም ቀና ብሎ አላየውም። አንድ ዳቦና አንድ ብርድ ልብስ አጠገቧ አስቀመጠ። "እንግዲህ አምላኩ ያውቅልሻል" አላትና ዞር ብሎም ሳያይ ሄደ።

የመቅደሱ አገልጋይ ዞቲኮስ የሚባል ሽማግሌ ነበር። እንደመጣች ትኩሳቷ እንዲበርድ ብሎ ጸጉሯን በምላጭ ሙልጭ አድርጎ ላጫት፤ በሆምጣጤ የራሰ ጨርቅም ግንባሯ ላይ አኖረ። ከአጠገቧ ካታሞ የተባለ በቅሎ ነጂ ተኝቷል። እግሩ በጋሪ ጎማ ተሰብሮ ጌታው እንደሷ የጣለው፣ ከሰሜን ከጎል አገር የመጣ ሰው ነው። እሷ ስታስል እሱ ይቀልድባታል።

"አንቺ ሴትዮ፣ እንዲህ ስታስዪ የመቅደሱ ውሾች ጠላት መጣ ብለው ሊነክሱን ነው" ይላታል።

መሳቅ ደግሞ ያስላት ነበር። እንዲህ እየሳቀችና እያሳለች ሰነበተች። ዞቲኮስ የሽምብራ ሾርባ ያመጣላታል፤ ካታሞ ከድርሻው ላይ በለሱን ይተውላታል። የወንዙ ንጹሕ አየር ድኝ የለበትም። ቀን ቀንን እየወለደ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ በረንዳውን ጠርጋ ለሌሎቹ ሕሙማን ውኃ የምትቀዳ ሆነች።

በዚያው ሰሞን ዐዋጅ ነጋሪ ድልድዩ ራስ ላይ ቆሞ የቄሣር ቀላውዴዎስን ዐዋጅ አነበበ። ማሳከም ሰልችቶት የታመመ ባሪያውን በደሴቲቱ የጣለ ጌታ ባሪያው ነፃ ወጥቶበታል፤ ባሪያው ቢድን ወደ ጌታው አይመለስም፤ ከመጣል መግደል ይሻላል ብሎ የገደለም በነፍስ ይጠየቃል። በረንዳው ላይ ያሉት ሰምተው ወደ ሾርባቸው ተመለሱ። የታመመ ሰው መልካም ወሬ ቶሎ አያምንም። ካታሞ ብቻ ስታፊሌን "ሰማሽ? አንቺም ነፃ ነሽ" አላትና ወደ ተሰበረ እግሩ ዞሮ፣ "አንተም ነፃ ነህ" አለው።

ኦፊልዮስ ዐዋጁ በተነበበ በሦስተኛው ቀን መጣ። በዓል ደርሶ ከተማው ሁሉ ነጭ ልብስ ሲፈልግ በእሷ ቦታ የቆሙት ሠራተኞች የአንድ ሹም ቶጋ አቃጥለውበት ነበር። በእጁ አዲስ ቀሚስ ይዟል። ቤቱ ያለ እሷ ቤት እንዳልሆነ፣ ሁሉም እንደናፈቃት፣ ከእንግዲህ የምትተኛውም ከምድጃው አጠገብ እንደሆነ እያለሳለሰ ነገራት።

ስታፊሌ ሳታስበው ብድግ አለች። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው፤ እሱ ሲናገር ጉልበቷ በራሱ ይነሣል። ብርድ ልብሷን አጥፋ ከብብቷ ሥር ከተተች።

"ወዴት ነው፣ እቴ?" አለ ካታሞ ተጋድሞ እንዳለ።

"ወደ ቤት ነዋ።"

"ማን ቤት?"

ብርድ ልብሱን ታቅፋ ቆመች፤ እግሯ ግን ወደ ድልድዩ አልሄደም። ከዚያ በቀስታ፣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጌታዬ፣ ዐዋጁን አልሰሙም እንዴ?" አለችው።

ኦፊልዮስ ሰምቷል። ሰምቶም መልሱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ጉዳዩ በድልድዩ ራስ ወንበሩን ዘርግቶ ችሎት በሚያስችለው የሰፈር ሹም ዘንድ ቀረበ፤ ሕዝቡም ሽምብራ እየቆረጠመ ከበበ። ኦፊልዮስ ሴትዮዋን አልጣልኳትም፣ እንድትታከም ላክኋት እንጂ፤ ካመጣኋትም ገና አሥር ቀኗ ነው፣ ልጠይቃት ስል እነሆ ድና አገኘኋት ብሎ ማለ።

ሹሙ ራሱ እንደ እንቁላል የለሰለሰ መላጣ ሰው ነበር። ዞቲኮስን፣ ሴትዮዋ ስትመጣ ምን እንዳደረገላት ጠየቀው።

"ላጨኋት፣ ጌታዬ። በመጣችበት ቀን፣ አንዲት ጸጉር ሳላስቀር።"

ሹሙ ስታፊሌን ሻሿን እንድታወልቅ ጠየቃት። አወለቀች። ሽበት ጣል ጣል ያለበት ጸጉሯ ሁለት ጣት ያህል አድጎ፣ ላባ እንዳወጣች ጫጩት ቆሞ ታየ። ሹሙ ጸጉሯን አየ፤ ኦፊልዮስን አየ፤ የራሱንም አናት ዳበሰ።

"በአሥር ቀን ይህን ያህል የሚያበቅል ስፍራ ከሆነ" አለ፣ "እኔም ዛሬውኑ በረንዳው ላይ ምንጣፌን ላንጥፍ።"

ድልድዩ በሳቅ ተናጋ። ኦፊልዮስ ምን እንደታመመች ሲጠየቅ ሆዷን ነው አለ፤ ዞቲኮስ ሳንባዋን ነበር ሲል ደግሞ ይባስ ተሳቀበት። ሹሙ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ስታፊሌ ነፃ ሴት መሆኗን በሕዝቡ ፊት አስታወቀ። እሷ ምን ማድረግ እንዳለባት ግራ ገባት። ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ኦፊልዮስ እንደቆመ እሷ በድልድዩ መከታ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። በሕይወቷ እሱ ቆሞ እሷ ስትቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ተኛች፤ ዞቲኮስም ማንም እንዳይቀሰቅሳት ከልክሎ ዋለ።

ከዚያ ወዲያ ከደሴቲቱ ሩቅ አልሄደችም። የመቅደሱን የቁስል ጨርቅ ማጠብ ጀመረች፤ ቀጥሎ ከድልድዩ ማዶ ነፋስ የሚነፍስበት ቦታ መርጣ የራሷን ገንዳ ተከለች። ድኙን ደጅ ታጤሳለች እንጂ ቤት ውስጥ አታስገባውም፤ አብረዋት ለሚሠሩትም ተራ አበጅታ ማንም ከአንድ ሰዓት በላይ ጭሱ ዘንድ አይቆምም። ካታሞ እያነከሰ በአህያ ልብስ ያመላልሳል። አንድ ቀን አህያው ላይ የመጣው ጥቅል የኦፊልዮስ የራሱ ቶጋ ሆኖ ተገኘ። በሰው እጅ፣ የማን ነው ሳይባል የተላከ ነው። ስታፊሌ ግን የጠርዙን ስፌት ታውቀዋለች። ካታሞ ድኙን አብዝተሽ ሱፉን ሰባብሪለት ብሎ መከራት። እሷ አልሰማችውም፤ እንደ በረዶ አንጥታ፣ አጥፋ ላከችለት።

"ሥራዬን ምን በደለኝ ብዬ ላበላሸው?" አለችው።

በሰኔ የዕድል አምላክ በዓል ሲደርስ፣ ባሪያ የነበሩትና ድሆቹ ሁሉ በአበባ በተሸለሙ ጀልባዎች ወንዙን ይወርዳሉ። ስታፊሌና ካታሞ ያን ዓመት ተጋብተው ነበርና ዞቲኮስን መሐላቸው አስቀምጠው ተሳፈሩ። ሽማግሌው ወይን ጠጅ አፌን አይነካም ብሎ ከማለ በኋላ ሦስት ጽዋ ጨለጠ። ካታሞ ማንም የማይገባውን የአገሩን ዘፈን ከዜማው ውጭ ያንጎራጉራል። ከጎናቸው ያለፈ ጀልባ ዝም በል እያለ ሽምብራ ወረወረበት። ስታፊሌ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ወንዙ ሰደደች። ውኃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነበር፤ የሚረገጥም ነገር አልነበረበትም። ካታሞ ሁለተኛውን ዘፈን ሲጀምር እሷም የማታውቀውን ቃል እየፈጠረች ተቀበለችው።