ከመካነ ሰላም ደሴ፦ ለቀበሮዋ ሌንስ ፍለጋ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መካነ ሰላም

ውርጩ ጣት ይቆርጣል። የመናኸሪያው በር ገና አልተከፈተም፤ ተሳፋሪው በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሟል። ካሜራው ጃኬቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ይመር በፎጣ ጠቅልሎ በእጁ አስገባልኝ።

«እንዳትተኛበት» አለኝ።

«ቅጥቅጥ ላይ ማን ይተኛል?»

«አንተ ማትሪክ ላይም ተኝተሃል።»

ሳቅን። እውነቱን ነው፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ይመር ግን ደንቆሮ በሚባለው ጫካ ስካውት ነው፤ የዱር አራዊት ይጠብቃል። ካሜራውን የላከችለት ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ሉባባ ናት። የጀማሪ ካሜራ ነው። አንድ አጭር ሌንስ አብሮት መጥቷል። ያ ሌንስ ለሰርግ ጥሩ ነው። ለቀይ ቀበሮ ግን አይሆንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይመር ቡችሎች ያሏት አንዲት ቀይ ቀበሮ አግኝቷል። ጉድጓዷ ከሸለቆ ማዶ ነው። ከወዲህ ካለው ሜዳ ሆኖ ሲያነሣት ፎቶው ላይ የገብስ ፍሬ ታክላለች። ትንሽ ለመቅረብ ደግሞ ገደሉ አፍ ላይ በሆዱ መተኛት አለበት። እናታችን ይህን የሰማች ቀን እህል አልቀመሰችም። ለሉባባ በስልክ «ሩቁን የሚያቀርብ ዕቃ አለ አሉ፤ ልጄን ከገደል አርቂልኝ» አለቻት። ሉባባም ገንዘቡን ላከች። ይመር ሥራውን ጥሎ መሄድ አልቻለም። ቡችሎቹም ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ ሳያድጉ ሊያነሣቸው ይፈልጋል። ስለዚህ የምሄደው እኔ ነኝ። ሌንስ መርጬ አላውቅም። ደሴንም ያየኋት ሁለቴ ብቻ ነው።

እናቴ ሌንስ አትልም፤ «ማቅረቢያ» ነው የምትለው። ከቤት ስንወጣ ዱዓ አደረገችልኝና ወደ ይመር ዞረች።

«ማቅረቢያዋ እስክትመጣ ገደል አፍ ትሄድና!»

«አልሄድም እማዬ፣ አብሽሪ» አላት።

አብሽር ከእኛ አገር ሰው አፍ የማይጠፋ ቃል ነው። አይዞህ ማለት ነው፤ ደስ ይበልህ ማለትም ነው። ልጅ የተወለደለትም፣ በሬ የሞተበትም አብሽር ይባላል።

ሦስት ሰዓት፣ አቀስታ

ለቅጥቅጥ ስም ያወጣለት ይህን መንገድ ያየ ሰው መሆን አለበት። አጥንቴ ሁሉ ቦታውን ለቋል። ግን ደስ ይላል! ገብስ የታጨደበት ማሳ በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ ፀሐይ ሲነካው ይጨሳል። ነዶ የጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘው አንለቅም ይላሉ። ሹፌራችን አብዱ የሰፈራችን ሰው ነው፤ ዛሬ ደሴ ገብቶ ነገ ይመለሳል። ጥሩንባውን ሲነፋ አህያዋ ዞር ብላ ታየዋለች እንጂ አትንቀሳቀስም።

«ደሴ ምን ልትገዛ ነው?» አለኝ አብዱ። ነገርኩት።

«ለቀበሮ? ቀበሮ ጉርድ ፎቶ ምን ያደርግላታል? መታወቂያ ልታወጣ ነው?»

መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከፊቴ የተቀመጡት እትዬ ዘውዴ ዞር አሉ። አቀስታ የሚወርዱ ሴትዮ ናቸው።

«እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ አንድ ፎቶ የለኝም። ቀበሮ በለጠችኝ!»

አቀስታ ስንደርስ በአጭሩ ሌንስ አነሣኋቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ካነሣሁ በኋላም አልተነፈሱም። «አለቀ?» ብለው በጥርሳቸው መሃል ጠየቁኝ። ሳያቸው የሰርግ ሌንስ ያልኩትን ተውኩት፤ ለአዛውንት ፊትም ጥሩ ነው።

እዚህ ብርዱ ሰው ሲያወራ ከአፉ ጭስ ያስወጣል። ሻይ ሁለት ብር፣ ዳቦ ሁለት ብር። ብርጭቆውን ለመጠጣት ሳይሆን ለእጄ ነው የያዝኩት።

ሰባት ሰዓት፣ ደሴ

ከጉጉፍቱ ሜዳ ወደ ደሴ ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ሲከፈት የባጃጅ ድምፅ ሰማሁ። ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት አገኘሁ። ባለቤቱ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሰው ናቸው።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከመካነ ሰላም። ወንድሜ ደንቆሮ ነው የሚሠራው።»

«ኧረ ታላቅ ወንድም እንዲህ አይባልም!»

የጫካው ስም ነው አልኩ ቶሎ ብዬ። ይመር ራሱ «ጫካው ደንቆሮ ነው፤ ቀበሮዋ ግን ኮቴ ትሰማለች» እያለ እንደሚቀልድ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ሦስት ሌንስ ባንኮው ላይ ደረደሩ።

የመጀመሪያው ርካሽ ነው። የሚያቀርብበት ልክ ከሰባ እስከ ሦስት መቶ ይላል። ገጠምነው፤ ተጫንኩት፤ ካሜራው ዝም አለ።

«የናንተ ካሜራ የጀማሪ ነው» አሉኝ። «ውስጡ ሞተር የለውም። ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ መሆን አለበት። ይኼ ደግሞ የለውም። በእጅህ እያዞርክ ነው የምታጠራው። ቀበሮ ቆማ ትጠብቅሃለች?»

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ዋጋውን ብቻ አይቼ ይዤ ልሄድ የምችል ሰው ነኝ። አንባቢ ሆይ፣ የጀማሪ ካሜራ ካለህ መጀመሪያ ሞተሩን ጠይቅ።

ሁለተኛው ሞተር አለው። እሱም ሦስት መቶ ይደርሳል። ረጅም፣ ጥቁር፣ የመድፍ አፍ የሚመስል። ስይዘው ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ጦሳ ተራራ ዞርኩና ዘረጋሁት። ተራራው መጣ! ዘሎ መጣ! ዳገቱ ላይ አንዲት ነጭ ፍየል ቅጠል ስትቀነጥስ አየሁ። አነሣኋት። ሳየው ግን ፍየሏ የታጠበ ጨርቅ መስላለች፤ ጠርዝ የላትም።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ያገለገለ ነው፤ ሁለት መቶ ላይ ያበቃል። አልወደድኩትም። ያው ፍየል፣ ያው ቦታ፤ አነሣኋት። አነስ ብላለች፤ ግን ቀንዷ ይቆጠራል።

«ይኼ የእጅ ንዝረት የሚያጠፋ ነገር ውስጡ አለው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «ያኛው የለውም። ሩቅ ባቀረብክ ቁጥር የእጅህን መንቀጥቀጥም ታቀርበዋለህ።»

ሁለቱንም የያዝኩት ገንዘብ ይችላል። ዓይኔ መድፉ ላይ ቀረ። ለይመር ደወልኩ።

«ሦስት መቶውን ልግዛ» አልኩት። «ዘሎ ነው የሚመጣ! ብታየው!»

«ይንቀጠቀጣል ወይ?»

«ትንሽ። እኔ እጄን አጠነክራለሁ።»

«ቀበሮዋ ልጆቿን አስከትላ ስትወጣ የማንም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሁሴን። የማይንቀጠቀጠውን አምጣልኝ።»

«ቡችሎቹ ትንሽ ይሆናሉ እኮ።»

«ትንሽ ይሁኑ። ጥርት ይበሉ እንጂ። ሦስቱም አብረው ይግቡ።»

«ሦስት ናቸው?»

«ሦስት ናቸው። ነገ በጠዋት ሄጄ ሜዳው ላይ የምንቀመጥበትን ቦታ አዘጋጃለሁ። አብሽር!»

ኔትወርኩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። አጭሩን ገዛሁ። ጋሽ ተፈራ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ መረቁልኝና «ቀበሮዋን ሰላም በላት» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ጉጉፍቱ

አክስቴ ቤት አድሬ በማለዳ ተነሣሁ። ሌንሱን ከካሜራው አልነቀልኩትም። የአብዱ መኪና መስኮት እንደ ትናንቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ግን ዛሬ አልፈራውም። ሜዳው ላይ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ነበር፤ አመጣሁት፤ የፈረሱን ልጓም አየሁ። ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ጭልፊት አመጣሁ። አንዲት ሴት ከቤቷ ደጅ ቆማ ስታዛጋ አመጣሁ፤ አፈርኩና መለስኳት።

ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሊያይ ተንጠራራ።

«እኔን እንዳታነሣ፤ ጥርሴን ትቆጥረዋለህ!»

«ያ ከሰሜን ያለው አምባ መቅደላ ነው አይደል? እስቲ ላዩ ላይ ማን ቆሟል?» አለ አብዱ።

«መቅደላ በዚህ በኩል አይታይም» አለ አንዱ።

«በዓይን ነዋ! በቀበሮ ሌንስ ይታያል።»

ተከራከሩ። አምባውን አነሣሁትና ካሜራውን አሳለፍኩላቸው። እስከ አቀስታ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ክርክሩ አላለቀም። እንዲህ የሳቅኩበት መንገድ የለም።

አራት ሰዓት ተኩል፣ አቀስታ

ሻይ እየጠጣሁ አጎቴ ሸህ እንድሪስ ደወሉ።

«ሁሴን፣ የት ደረስክ?»

«አቀስታ ነኝ። አጎቴ፣ ገዛሁት! የማይንቀጠቀጠውን ገዛሁት! ይመር ከእርስዎ ጋር አለ?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

«ቤት ነው» አሉኝ። «አብሽር ልጄ። አብሽር። ዝም ብለህ ና።»

አጎቴ ስለ ፎቶ ደስ ሲላቸው የመጀመሪያቸው ነው። ለአብዱ ይህን ልነግረው ስሄድ እሱም ስልክ ይዞ ከመኪናው ኋላ ቆሟል። ሲመለስ ቴፑን አጠፋው። የፊት ወንበር ላይ የነበረውን ሰው አስነሥቶ እኔን አስቀመጠኝ። የትራንስፖርቱን ስሰጠው እጄን ጨብጦ መለሰልኝ።

«ተወው። አብሽር» አለኝ።

ሌንስ ሰውን ያስከብራል። ከዚህ ወዲያ ማንም አልቀለደም፤ ደክሟቸዋል መሰለኝ። እኔ ግን እስከ መካነ ሰላም ድረስ ሳነሣ ነበርኩ። ከፊት ወንበር መንገዱ በደንብ ይታያል።

ስምንት ሰዓት ተኩል፣ መካነ ሰላም

እስከዚህ ያለው መንገድ ላይ፣ በደብተሬ የተጻፈ ነው። ስገለብጠው ደስታዬን ልሰርዝ አስቤ ነበር። ተውኩት። እንደነበረ ይሁን።

አጎቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። አብሯቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሉ። ወደ ቤት አልወሰዱኝም፤ መስጊዱ አጠገብ ወስደው በኩስኩስት ውኃ ሰጡኝ። «ውዱእ አድርግ፤ እንሰግዳለን» አሉኝ። የአስር ሶላት ሰዓቱ ገና ነው ልል ፈለግኩ። እጄን ታጠብኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ። እግሬን ስታጠብ አጎቴ ካሜራውን ከአንገቴ አወጡ። ያኔ ቀና ብዬ አየኋቸው።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው መንገድ ላይ እንዳለ ልቡ እንዳይሰበር፣ በሽማግሌ ፊት ነው የሚነገረው። አብዱ ከአቀስታ ጀምሮ ያውቅ ነበር። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቅ ነበር። አጎቴም አልዋሹኝም፤ ይመር ቤት ነበር።

ጠዋት ገደሉ አፍ ላይ ሣሩ ውርጭ ይዞት ነበር፤ ይመርን አዳለጠው አሉኝ። ከዚያ ያለውን በደንብ አልሰማሁም። ቀብሩ እኔን ሲጠብቅ ነበር። ሰገድን። አፈር መለስን። ይህን ብዙ መጻፍ አልችልም።

ዓርብ ጠዋት

ሱብሂ ሰግጄ ስመለስ እናቴ በለቀስተኛው መሃል ቁጭ ብላለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ማቅረቢያዋ የታለች?» አለችኝ።

ያመጣሁት ዘግይቼ ስለሆነ ልደብቃት ነበር ያሰብኩት። ሰጠኋት። በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠቻት።

«ከሩቅ ሆነህ ታሳያለች?»

«ታሳያለች እማዬ።»

«እንግዲያ ሂድ። የጀመረውን ጨርስለት። ከሜዳው አንዲት እርምጃ እንዳታልፍ።»

አጎቴ «በሀዘን ቀን፣ ሦስት ቀን ሳይሞላው!» ሲሉ እጇን አነሣችና አስቆመቻቸው።

የይመር ባልደረባ የሆነ ስካውት አብሮኝ መጣ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጓዝን። ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ ከገደሉ በደንብ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ከሥራቸው የተነሣው አፈር ገና እርጥብ ነው። ቦታውን አዘጋጅቶልናል። ይህን ከጨረሰ በኋላ ለምን ወደ ገደሉ አፍ እንደሄደ አላውቅም። ምናልባት ከድንጋዩ ላይ ምን እንደሚታይ አይቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በቅርብ ሊያያቸው ፈልጎ ይሆናል። ካሜራው እንኳ አልነበረውም፤ እኔ ጋ ነበር።

አንዱ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስካውቱ ከኋላዬ ቆመ። ሌንሱን እስከ ሁለት መቶ ዘረጋሁት።

ፀሐይ ጉድጓዱን ስትነካው እናትየዋ ወጣች። ቀይ ናት፤ ከሣሩ መሃል እንደ ፍም። አፍንጫዋን ወደ እኛ አዞረች፣ አዳመጠች፣ አልሸሸችም። ከዚያ ቡችሎቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ወጡ። ሙሉ ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥርሴም ጭምር። ተጫንኩት። ደግሜ ተጫንኩት።

ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ፎቶውን አየሁት። ጥርት ብሏል። የጆሯቸው ጠጉር ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩና ከእናታቸው ጀርባ አንድ ጭራ አየሁ። አራት ናቸው። ይመር ሦስት ነበር ያለኝ።

ልነግረው ወደ ሁለተኛው ድንጋይ ዞርኩ።