ከቁርስ በኋላ የምትዋጥ ክኒን

ልጃችን መራመድ ሳትማር መሮጥ የጀመረች ይመስለኛል። ክረምት ላይ ከተማችንን መካነ ሰላምን ጉም ሲውጣት፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ ስሰፋ፣ ልጄን ከማየቴ በፊት እሰማት ነበር፤ የእግሯን ኮቴ፣ ከራሷ ጋር የምታወራውን ወሬ፣ እያለፈች የምትመታውን የጎረቤት ቆርቆሮ። ከዚያ ከነጩ ውስጥ ብቅ ትላለች፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ ተመልሳ ትጠፋለች። ያ ጊዜ አሁን ሳስበው እንደ ሕልም ነው የሚታየኝ።

ባለቤቴ በደብሩ ዜማ የሚያስተምር መሪጌታ ነው። ቁጭ ብሎ መዋል ሥራው ነው። ልጃችን ግን አንዲት አጭር ጸሎት እስኪያደርስ እንኳ አጠገቡ መቆም አይሆንላትም። ጎረቤት ቀበጥ ናት አለ፤ ዘመድ ዓይን ነው አለ። ጸበል ወሰድናት፤ ውኃውን ትወደዋለች፣ ወረፋውን ግን አትችለውም። አስተማሪዋ ደግ ሴት ነበረች። አንድ ቀን፣ “ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም፤ ግን ከእኛ ጋር አትቆይም” አለችኝ። ያ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ።

ሁለተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ጠፋች። ከከተማው ዳር ካለው ገደል ሥር የሚወጣው ጉም በመስኮት ታይቷት ኖሮ፣ ደብተሯን እንደተከፈተ ትታ ወጥታለች። ሰው ሁሉ ስሟን እየተጣራ ሲሮጥ ባለቤቴ አልጮኸም። ከጮህን ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ደግሞ ትሮጣለች አለኝ። ከዚያ ለተማሪዎቹ ዘወትር የሚያሰማውን ዜማ በዝግታ እያዜመ ወደ ጉሙ ገባ። ነጠላውን እያየሁ ተከተልኩት፤ ቆይቶ ነጠላውም ጠፋኝና ድምፁ ብቻ ቀረ። በዚያ ነጭ ውስጥ መሬቱ ከእግሬ ሥር ያለ አይመስለኝም ነበር። ዜማው በድንገት ቆመ። ስደርስ ልጄ ከገደሉ አፋፍ ተነስታ መጥታ እጁን ይዛ ቆማለች።

“ጉሙን ልነካው ነበር፤ ስጠጋው ይሸሻል” አለችው።

ቤት እስክንደርስ እጇን አልለቀቀም።

ከዚያ በኋላ የወሰድንበት የከተማችን ሆስፒታል ወደ ደሴ ላከን። አውቶብሱ ጉጉፍቱ ከሚባለው ከፍታ ላይ ደመና ውስጥ ሲገባ ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ ዝም አለ፤ እሷ ብቻ ከወንበር ወንበር እየዞረች ሰዉን የት እንደሚሄድ ትጠይቃለች።

ሐኪሟ ሂጃብ ያደረገች ወጣት የወሎ ልጅ ናት። ስለ አወላለዷ፣ ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ትምህርቷ ብዙ ጠየቀችን። ልጃችን እስከዚያው መሳቢያውን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆይታ፣ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የሐኪሟን የጫማ ማሰሪያ መፍታት ጀምራለች። ሐኪሟ እግሯን አላነሳችም። ችግሩ ስም እንዳለው ነገረችን፤ የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ ይባላል፣ ከአንጎል አሠራር የሚመጣ ነው፣ ያሳደጋት ሰው ጥፋት አይደለም አለችን። የመጨረሻውን ስሰማ አለቀስኩ። የምትዋጥ ክኒንም አዘዘችላት። ባለቤቴ ጸበሉን መተው አለብን ወይ ብሎ ጠየቃት።

“ኧረ መሪጌታ፣ ጸበሉን ማን ተዉ አለዎት? መድኃኒቱን ግን እኔን ሳትጠይቁ እንዳታቋርጡት።”

ክኒኗ ጠዋት ከቁርስ በኋላ እንደምትዋጥና የምግብ ፍላጎት እንደምትዘጋ አስረዳችን። ስንወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጋ “አብሽሪ፣ አይዞሽ” አለችኝ።

ክኒኗን መጀመሪያ የዋጠች ዕለት ቤታችን ጸጥ አለ። አጠገቤ ቁጭ ብላ የልብስ ቁልፎቼን በየቀለማቸው ትለያለች፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ። ጸጥታውን ለመስማት የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። አስተማሪዋም ሙሉ ገጽ ጻፈች ብላ በደስታ መልእክት ልካልኝ ነበር። ግን ምሳዋን አትነካም። ከትምህርት ስትመለስ መስኮት ሥር ትቀመጥና በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈውን አቧራ ታያለች። አትጠይቅም፤ አትስቅም።

ባለቤቴ ብዙ ቀን ሲያያት ሰነበተና፣ “ልጄን የት አደረስሻት?” አለኝ።

“እዚሁ አለች።”

“አካሏማ አለ።”

ክኒኗን ሊያስቆም እንደፈለገ ገባኝ። “ገደሉን ረሳኸው?” አልኩት። ነጠላውን አንስቶ ወጣ። እኔም ያሸነፍኩ አልመሰለኝም፤ ሳቋ እኔንም ናፍቆኝ ነበርና። በማግስቱ ሳንነጋገር ሁለታችንም ለደሴ ተሰናዳን።

ሐኪሟ በዚህኛው ጊዜ እኛን ትታ ልጅቷን ጠየቀቻት። መድኃኒቱን ስትውጪ ምን ይሰማሻል አለቻት። እኛ እኮ ይህን ጠይቀናት አናውቅም። ልጄ ጥቂት አሰበችና፣

“ራሴ ውስጥ ገበያ አለ፤ ክኒኗን ስውጥ ገበያው ይፈታል” አለች።

“ሲፈታ ደስ ይልሻል?”

“ክፍል ውስጥ ደስ ይለኛል። ቤት ስገባ ግን ሰዎቹ ይናፍቁኛል።”

ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችው፤ ክብደቷን እየተከታተልን ቅዳሜና እሑድ ከክኒኗ እንድታርፍም ፈቀደች።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌላ ጭንቀት መጣ። ልጃችን መጾም ጀምራ ነበር፤ ክኒኗ ግን ባዶ ሆድ ላይ አትሆንም። የመሪጌታ ልጅ በጾም በላች መባሉን ፈርቼ ሳላነሳው ዋልኩ። ባለቤቴ ራሱ የነፍስ አባታችንን ጠይቆ መጣ፤ ሕመምተኛ አይገደድም ተብሏል። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ወደ ደብሩ ከመሄዱ በፊት፣ እሱ ራሱ እህል ሳይቀምስ፣ በቅቤ የተሠራውን ገንፎ እያጎረሰ ሲያባብላት አየው ነበር። ጣቱ ላይ የቀረውን ቅቤ በውኃ ታጥቦ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። ያጉረመረመ ሰው አልጠፋም። እሱ ግን ገንፎውን ማጉረሱን አልተወም።

አሁን አራተኛ ክፍል ናት። አንደኛ አትወጣም፤ ግን ክፍል ውስጥ ትቆያለች። ከደሴ መድኃኒቱ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ሁላችንም እንደ ድሮው እንሆናለን፤ አስተማሪዋም በትዕግሥት ትጠብቀናለች። ማታ ማታ የክኒኗ ኃይል ሲያልቅ ረሃቧ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ቆማ ነው የምትበላው። አንድ ጉርሻ ትጎርስና ወሬ ትጀምራለች፤ ወሬው ሳያልቅ ወደ በሩ ሄዳ ትመለሳለች። ባለቤቴ ተቀመጪ አይላትም። መሶቡን ወደቆመችበት ጠጋ ያደርግላትና፣ “እሺ፣ ከዚያስ?” ይላታል።